ድንቹ ሳይፈርስ፣ ጎመኑ ሳይላሽቅ፦ አትክልት አልጫ በቤት

አትክልት አልጫን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ውሃ ነው። ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን ባንድ ላይ ድስት ውስጥ ተጥለው እስኪዋጡ ድረስ ውሃ ከተቸለሰባቸው የሚወጣው ሾርባ ነው፤ ያውም ድንቹ ፈርሶ፣ ጎመኑ ላሽቆ፣ ካሮቱ ገና ኮርሸም እያለ። ደህና አልጫ የሚበስለው አትክልቱ ራሱ በሚያወጣው እንፋሎት ነው። ከጥቅል ጎመን ክብደት ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ጨውና ሙቀት ሲያገኝ ወደ ድስቱ ይወርዳል። ስለዚህ ለሁለት ኪሎ ለሚጠጋ አትክልት ከውጭ የምንጨምረው ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ ብቻ ነው።

ከሌላ ወጥ ጋር ለስድስት ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው፦

ድንች 1 ኪሎ
ጥቅል ጎመን ግማሽ ኪሎ (የትንሽ ጎመን ግማሽ)
ካሮት 400 ግራም፣ ማለትም አራት መካከለኛ
ቀይ ሽንኩርት 3 ራስ
ነጭ ሽንኩርት 6 ወይም 7 ፍንካች፣ የአውራ ጣት አንጓ ከሚያህል ዝንጅብል ጋር የተወቀጠ
ዘይት አንድ ተኩል የቡና ሲኒ
እርድ 1 የሻይ ማንኪያ
ጨው 2 የሻይ ማንኪያ
ቃሪያ 4
ቁንዶ በርበሬ የሻይ ማንኪያ ሩብ፣ ነጭ አዝሙድ ቆንጠር ተደርጎ

ዘይቱ በዛ የሚል ይኖራል። ለጾም አልጫ ግን ቅቤውን የሚተካው እሱ ነው፤ ከአንድ ሲኒ በታች ከወረደ አልጫው የተቀቀለ ድንች ይመስላል።

ገበያ ላይ ዋናው ምርጫ ድንቹ ነው። እዚህ ጅማ ሐሙስ መርካቶ ስትወጡ ከከተማው አጠገብ ካለው ከዴዶ ደጋ የሚወርደውን ድንች በመደብም በኪሎም ታገኛላችሁ። ለአልጫ የሚሻለው ውስጡ ጠንከር፣ እርጥበቱም ጨመር ያለው ነው፤ ዱቄታሙ ድንች ለጥብስና ለተፈጨ ድንች ይሁን። ለመለየት አንዱን ለሁለት ቁረጡና ሁለቱን ገጽ እርስ በርስ አሻሹት። ነጭ አረፋ ካወጣና ከተጣበቀ ስታርቹ ብዙ ነው፣ ድስት ውስጥ ይፈርሳል። ያው ግን የተገኘው እሱ ብቻ ከሆነ ተለቅ አድርጎ መክተፍ ያድነዋል። ልጣጩ አረንጓዴ የሆነውን አትግዙ፤ ቤት ውስጥ አረንግዶ ካገኛችሁትም አረንጓዴውን ክፍል በጥልቀት ቁረጡት፣ ሲቀመስ ከመረረ ደግሞ ሙሉውን ጣሉት። አረንጓዴው ፀሐይ የነካው ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ ማከማቸቱን ያሳያል፣ ሶላኒን ደግሞ በመቀቀል አይጠፋም።

በጅማ ክረምት ድንች ቶሎ ያቆጠቁጣል፣ ይበሰብሳልም። ጭቃውን ሳታጥቡ አድርቁት፣ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ጨለማ ቦታ አኑሩት። ከሽንኩርት ጋር አታስቀምጡት፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ቢላው። ድንቹን ልጣችሁ መካከለኛውን ለአራት፣ ትልቁን ለስድስት በቁመቱ ሰንጥቁት። አራት ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ይኑረው፣ ከዚያ ካነሰ ማማሰያ ሲነካው ይፈርሳል። እንዳይጠቁር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ግን ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፣ ድስት ከመግባቱ በፊትም በወንፊት በደንብ ይንጠፍ። ሳይንጠፍ የገባ ድንች ሌላ አንድ ሲኒ ውሃ ይዞ እንደገባ ቁጠሩት። ካሮቱ የድንቹ ርዝመት ይኑረው፣ ውፍረቱ ግን ከትንሽ ጣት አይብለጥ። ካሮት ከድንች ቀስ ብሎ ስለሚበስል እኩል ውፍረት ከሰጣችሁት ድንቹ በስሎ እሱን ሲጠብቅ ይፈርሳል። ጎመኑን መሃል ያለውን ጠንካራ ግንድ አውጡና በአራት ጣት ስፋት ቁረጡት። ቀጭን አድርጎ መክተፍ ለሰላጣ ነው፤ ድስት ውስጥ ገብቶ ክር ይሆናል። ሽንኩርቱን ግማሽ ጨረቃ አድርጋችሁ ሳሳ አድርጉት። ቃሪያውን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ።

ሰፊና ከታች ወፈር ያለ ድስት ምረጡ። ጠባብ ድስት ውስጥ አትክልቱ ተደራርቦ ከታች ያለው ሲላሽቅ ከላይ ያለው ጥሬ ይቀራል። ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ የማይገጥም ከሆነ ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ጫፎቹን እሳት እንዳይነካቸው ወደ ላይ ቋጥራችሁ ክደኑ።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አራት አምስት ደቂቃ አቁሉ። ለቀይ ወጥ እንደሚደረገው እስኪጠቁር አይደለም፤ አልጫ ቢጫነቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ለስለስ ብሎ ውሃውን ሲጨርስ፣ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ዘይቱን ጨምሩ። ዘይቱ ሲሞቅ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን አግቡ፣ አንድ ደቂቃ። ከዚያ እርዱ። የእርድ ቀለምና መዓዛ በውሃ ሳይሆን በዘይት ነው የሚፈታው፣ ስለዚህ ውሃ ከመግባቱ በፊት ዘይቱ ውስጥ ሰላሳ ሴኮንድ ያህል ይዙር። ከዚያ ካለፈ ያርራል፣ ካረረ ይመርራል፤ መራራ እርድ በኋላ በምንም አይስተካከልም፣ ድስቱን አጥቦ እንደገና መጀመር ይሻላል። ከቴፒ የሚመጣው እርድ አዲስ የተፈጨ ከሆነ ኃይለኛ ነው፣ የሻይ ማንኪያው ሳይቆለል ይበቃል።

ካሮቱ ቀድሞ ይገባል። ዘይቱን እንዲጠጣ እያገላበጣችሁ አምስት ደቂቃ ያለ ውሃ አብስሉት። ካሮት በዘይት ሲታሽ ጣፋጭነቱ ይወጣል፣ ቀለሙም ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ጥሩ አልጫ ያንን ብርቱካንማ ጠርዝ የሚያገኘው ከእርዱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ድንቹን፣ ከጨው አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ሁለት ሲኒ የሞቀ ውሃ። አንዴ ከታች ወደ ላይ ገልብጡት፣ ክደኑት፣ እሳቱን ቀንሱ። ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፤ ድስቱን አቀዝቅዞ የድንቹን መብሰል ያዘገየዋል።

እዚህ ላይ ሰዓቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም። በባሕር ጠለል አካባቢ ያለ ሰው በቪዲዮ «ድንቹ በ15 ደቂቃ ይበስላል» ሲል ለእሱ እውነቱን ነው፤ እዚህ 20 እና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ስለሚፈላ እንዲያውም ይብሳል። እሳቱን ማጋም ይህን አይለውጠውም፤ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፣ ታች ያለው ደግሞ ያርራል። ክዳኑን ሳይከፍቱ መታገስ ነው መፍትሔው።

ከ12 ደቂቃ በኋላ አንዱን ድንች በቀጭን ቢላ ውጉት። ቢላው ገብቶ መሃል ላይ ትንሽ ከታገለ፣ ሲነሳም ድንቹ ተከትሎት ከተነሳ የጎመኑ ሰዓት ደርሷል። ጎመኑን ከላይ እንደ ክዳን አልብሱት፣ የቀረውን ጨው በላዩ ላይ ነስንሱና ሳታማስሉ ክደኑት። ጨዉ የጎመኑን ውሃ ይስባል፣ ያ ውሃ በድንቹ ላይ ይወርዳል፣ ከታች የሚነሳው እንፋሎት ደግሞ ጎመኑን ያበስለዋል። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ስትከፍቱ ጎመኑ ግማሽ ያህል ጎድሎ ታገኙታላችሁ፣ ከድስቱ ጥግም ቢጫ መረቅ ብቅ ይላል። አሁን ማማሰያውን በድስቱ ግድግዳ በኩል አስገብታችሁ ከታች ወደ ላይ በእርጋታ ገልብጡ። መሃል ላይ ማዞር የለም። እንደገና ክደኑና ሌላ አምስት ደቂቃ ስጡት። ድንቹ ከቢላው ላይ ራሱ ሲንሸራተት በስሏል። ቃሪያውን፣ ቁንዶ በርበሬውንና አዝሙዱን ጨምራችሁ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ አውጡት። ለፍስክ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ እዚህ ላይ ይገባል፣ ዘይቱን ግን ከመጀመሪያው ወደ አንድ ሲኒ አውርዱት።

ወዲያው አታቅርቡት። ተከድኖ አሥር ደቂቃ ይረፍ፤ መረቁ ወደ ድንቹ ይመለሳል፣ ሲጨለፍም አይፈርስም።

ቲማቲም መጨመር የሚወድ ሰው ድንቹ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ይጨምር። የቲማቲምም ሆነ የሎሚ ኮምጣጣነት ድንቹን አንድ ላይ የያዘውን ነገር ስለሚያጠነክር፣ ቀድሞ ከገባ ድንቹ ሰዓት ሙሉ ቢፈላ እንኳ መሃሉ ድርቅ ብሎ ይቀራል። «ይህ ድንች አልበስል አለኝ» የሚባለው ድንች ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። (በነገራችን ላይ ለመፍረስ ለተቃረበ ዱቄታም ድንች ይኸው ነገር ይጠቅማል፤ ጥቂት ጠብታ ሎሚ መጀመሪያ ላይ ጠብ ቢደረግበት ቅርጹን ይይዛል።)

በድንች ቦታ ጎደሬ ላግባ ካላችሁ አሠራሩ ይለወጣል። ጎደሬ ውስጥ ጉሮሮ የሚያሳክክ መርፌ መሰል ክሪስታል አለ፣ ሲላጥ እጅንም ያሳክካል፤ እጃችሁን ዘይት ቀቡ ወይም ጓንት አድርጉ። ለብቻው በብዙ ውሃ እስኪለሰልስ ቀቅሉት፣ ውሃውን ድፉት፣ ከዚያ ከጎመኑ ጋር አግቡት። በሁለት ሲኒ ውሃ እንፋሎት ብቻ የበሰለ ጎደሬ እንግዳ ፊት ያሳፍራል።

ክዳኑን ስትከፍቱ ውሃው በዝቶ ከተገኘ አትድፉት፣ ጣዕሙ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ክዳኑን አንስታችሁ እሳቱን ከፍ አድርጉ፣ ሳታማስሉ አራት አምስት ደቂቃ ይነን። ከታች ያዝ ካደረገ ደግሞ አትፋቁት፤ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡና የተያዘውን እዚያው ተዉት፤ አንዴ ከተፋቀ የማረር ሽታው ሁሉንም ይዳረሳል። ጎመኑ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ ካመጣ ከሚገባው በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ጎመን ሲቆይ ድኝ ያለበት ሽታ ይለቃል፤ ለዚያ ነው መጨረሻ የሚገባው።

በከሰል የሚሠራ ሰው ድንቹ ከገባ በኋላ ፍሙ ላይ አመድ ይበትን፤ ቀጥታ ፍም ላይ የተጣደ ድስት ከታች ማረሩ አይቀርም። በኤሌክትሪክ ምድጃ እየሠራችሁ መብራት ከጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ድስቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ጎመኑ ከገባ በኋላ ከሆነ የጠፋው፣ በያዘው ሙቀት ብቻ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ድንቹ ገና ጥሬ ከሆነ ግን ከሰል ማቀጣጠል ይሻላል።

እንጀራ ላይ ስታቀርቡ አትክልቱን በማማሰያ አንሱትና መረቁን ድስቱ ውስጥ አንጠፍጥፉት፤ እንጀራው እንዳይርስ። ከምስር ወጥ አጠገብ ከሆነ ጨዉ ቀለል ቢል ጥሩ ነው። የተረፈውን ሲበርድ ፍሪጅ ካስገባችሁት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ፍሪጅ ከሌለ ግን በጅማ ሙቀትና እርጥበት ማደር የለበትም፤ ጎመኑ ቶሎ ይኮመጥጣል። ስታሞቁት ውሃ አትጨምሩ። ሰፊ መጥበሻ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ክዳን ሳይኖረው አሙቁት፣ የድንቹ ጠርዝ ቡናማ እስኪል ድረስ ደጋግማችሁ አትንኩት።