ተባዩ እንቁላሉን ለምን እዚህ ጣለ? የሰብል ችግርና መፍትሄ

ትል ቅጠል ሲበላ በታየበት ዕለት ጥፋቱ ከተጀመረ ቀናት አልፈዋል። የጀመረው እናቲቱ የተክሉን ሽታ ተከትላ መጥታ እንቁላሏን የጣለች ጊዜ ነው። ስለዚህ መርጫውን ከማንሳትዎ በፊት ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ።

ምልክት፦ በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ፣ በጅማቱ አጠገብ፣ ነጠላ ወይም ጥቂት በጥቂት የተጣሉ ቢጫ እንቁላሎች።

ምክንያት፦ ጎመንና ሰናፍጭ ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ውህዶች አሏቸው። ቅጠሉ ሲቆስል ተሰባብረው አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ሽታ ይሰጣሉ። ብዙ ነፍሳት ይሸሹታል፤ የጎመን የእሳት እራት ግን በእርሱ እየተመራች ትመጣለች። ነጯ የጎመን ቢራቢሮማ ቅጠሉን በፊት እግሮቿ ደጋግማ እየመታች በእግሯ ትቀምሰዋለች!

መፍትሄ፦ ሰናፍጭን ከጎመኑ ቀደም ብለው በማሳው ዳርቻ ይዝሩ፤ እራቶቹ ወደ እርሱ ያደላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፦ ሰናፍጩን ዘርቶ ይረሳዋል፤ ትሎቹም እዚያው አድገው ክንፍ አውጥተው ወደ ጎመኑ ይገባሉ። እንቁላል የያዘውን ሰናፍጭ እየነቀሉ ያስወግዱ። ባርባሪያ የሚባለው የጎመን ዘመድ በዚህ በኩል ይሻላል፤ እራቷ በጉጉት ትጥልበታለች፣ የሚፈለፈሉት ትሎች ግን በውስጡ ባለው ሳፖኒን የሚባል ውህድ ሳቢያ አያድጉም።

ምልክት፦ የሽንኩርት ቅጠል ይጠወልጋል፤ ሲነቀል ኮረቱ ውስጥ ነጫጭ ትሎች ይገኛሉ።

ምክንያትና መፍትሄ፦ የሽንኩርት ዝንብን የሚጠራት የሽንኩርቱ የድኝ ውህዶች ሽታ ነው፤ ከተጎዳና ከበሰበሰ ኮረት ደግሞ ይበልጥ ይስባታል። ሲኮተኩቱ ኮረቱን አያቁስሉ፣ የበሰበሰውን ከማሳው ያውጡ፣ በቀጣዩ ወቅት ሽንኩርቱን ሌላ ቦታ ይዝሩ።

ምልክት፦ የበቆሎ ለጋ ቅጠል በረድፍ የተበሳ፣ መሃሉ የደረቀ። ይህ አገዳ ቆርቁር የሚባለው የእሳት እራት ትል ሥራ ነው።

መፍትሄ፦ በበቆሎው መካከል ደስሞዲየም የሚባለውን የመኖ ተክል፣ በዙሪያው የዝሆን ሣር ይትከሉ። የደስሞዲየም ሽታ እራቷን ያርቃታል። የዝሆን ሣር ደግሞ ልክ ሲመሽ፣ እራቷ እንቁላል መጣያ በምትፈልግበት ሰዓት፣ ሽታውን አብዝቶ ይለቅቃል። እዚያ ከሚፈለፈሉት ትሎች የሚተርፉት ጥቂት ናቸው።

እንቁላሉ በበቆሎው ላይ ተጥሎ ከሆነ በጣትዎ ይጨፍልቁት። ሙሉ በሙሉ የጠቆረውን ግን አይንኩት፤ ውስጡ ትሪኮግራማ የምትባል ጥቃቅን ተርብ ልጆች እያደጉ ነው። አንዳንድ ነባር የበቆሎ ዝርያዎች እንቁላል ሲጣልባቸው እነዚህን ተርቦች በሚለቁት ሽታ ይጠራሉ።