ንዑስ ገጸ ባሕርይን በሮልፕሌይ መጫወት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪዎች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በቴሌግራም ግሩፕ ሮልፕሌይ፣ ማለትም የአንድን ጌም ገጸ ባሕርይ ይዞ ትዕይንቱን በጽሑፍ እየተቀባበሉ መጫወት፣ የሚጀምሩ ወጣቶች በአብዛኛው የሚሻሙት ንጉሡን፣ የጦር አዛዡንና ዘንዶ ገዳዩን ነው። አንድን ዙፋን ብዙ ሰው ሲፈልገው ጨዋታው ሳይሟሟቅ በጭቅጭቅ ያልቃል። ለጀማሪ የሚሻለው በጌሙ ውስጥ ስም፣ ቦታና ሥራ ኖሯቸው ታሪኩ ግን እምብዛም የማያተኩርባቸውን ሰዎች፣ በጌመሮች አነጋገር ካኖን የሆኑ (የጌሙ የራሱ ታሪክ የሚያውቃቸው) ትንንሽ ኤንፒሲዎችን (ተጫዋች ሳይሆን ጌሙ ራሱ የሚያንቀሳቅሳቸውን ሰዎች) መውሰድ ነው። ትንሽ ናቸው ማለት ግን ለመጫወት ይቀላሉ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው አሳማኝ የሚያደርጉት የሚሠራው ሥራና የማያውቀው ነገር ስለሆኑ ዝግጅቱ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ዙሪያ መሆን ይኖርበታል።

ሲመርጡ የሚቆምበት ቦታ፣ የሚተዳደርበት ሥራና ያልተሟላ ጉዳይ ያለውን ሰው ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በተከፈተው ሩንስኬፕ በተባለው የኢንተርኔት ጌም ውስጥ የሚገኘው የላምብሪጅ ግንብ ምግብ አብሳይ ሦስቱንም ያሟላል፤ ጌታው መስፍን ሆራሲዮ ልደታቸው ደርሷል፣ ኬኩ ግን እንቁላል፣ ወተትና ዱቄት ስለጎደለው አልተጋገረም። የዚሁ ጌም የድሮ ቅጂ የሆነው ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በስልክ ስለሚሠራ ኮምፒውተር የሌለው ሰው እንኳ ወጥ ቤቱ ድረስ ገብቶ ሰውየውን ማነጋገር ይችላል። ስም የሌለውን የከተማ ዘበኛ መውሰድም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከካኖኑ የሚያገኙት ልብሱንና የቆመበትን በር ብቻ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ይህ ራስ ከፈጠሩት ገጸ ባሕርይ ብዙም አይለይም።

ከመረጡ በኋላ ደብተር አውጥተው ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ጌሙ ራሱ የተናገረውን፣ በሁለተኛው ከተነገረው በመነሣት መገመት የሚቻለውን፣ በሦስተኛው ደግሞ እርስዎ የጨመሩትን ይጻፉ። የመጀመሪያው ዓምድ የሚሞላው ኩዌስቱን (ጌሙ ለተጫዋቹ የሚሰጠውን ተልእኮ) ራስ ተጫውቶ፣ ንግግሩን በስክሪንሾት ይዞ፣ በአካባቢው ምን ዕቃ እንዳለና ማን እንደሚመላለስ አይቶ ነው። ዊኪ ይረዳል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ገጽ የአድናቂዎችን ግምት ከጌሙ ቃል ጋር ቀላቅሎ ስለሚያቀርብ ከዚያ የተወሰደውን ሁሉ ወደ ጌሙ ተመልሶ ማመሳከር ያስፈልጋል። ፍለጋው አንድ ኩዌስት ላይ ማቆምም የለበትም። የኬክ ሰው ብቻ የሚመስለው የላምብሪጁ አብሳይ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሌላ ትልቅ ኩዌስት የአንድ ምሥጢራዊ ጉባኤ ግብዣ አዘጋጅ ሆኖ ይመጣል፤ ይህን ሳያይ የገባ ተጫዋች በሁለተኛው ሳምንት ከጌሙ ጋር የሚጋጭ ታሪክ ሊጽፍ ይችላል።

ዘመኑን መወሰን ከዚህ የሚቀጥል ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ግሩፖች የሚዘነጉትም እርሱን ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ከተባለው ጌም ማንክሪክን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የመጀመሪያው ጌም ማንክሪክ ባረንስ በተባለው ሜዳ፣ ክሮስሮድስ በሚባለው ሰፈር የቆመ ኦርክ ነው፤ ኪልቦር ከተባሉ ከርከሮ መሳይ ፍጡራን ጋር በተደረገ ውጊያ ከሚስቱ ተለያይቶ ተጫዋቹን እንዲፈልግለት ይለምነዋል፤ ተጫዋቹም የሚያገኘው አስከሬኗን ነው። በ2010 ካታክሊዝም የተባለው ማስፋፊያ ሲመጣ ባረንስ ለሁለት ተከፈለ፣ ማንክሪክም ወደ ደቡቡ ሄዶ በቀሉን መወጣት ያዘ። በ2020 በወጣው ሻዶውላንድስ በተባለው ማስፋፊያ ደግሞ ሚስቱ ኦልግራ በሙታን ዓለም ውስጥ ትገኛለች። ስለዚህ ግሩፑ በክሮስሮድስ ዘመን የሚጫወት ከሆነ ማንክሪክን የያዘው ሰው ገና ተስፋ ያለው ባል እንጂ ተበቃይ አይደለም፣ ስለ ሙታን ዓለምም አንዳች አያውቅም። ዘመኑ በግሩፑ አናት ላይ በፒን ተደርጎ ካልተቀመጠ አንዱ የሚያለቅስለትን ሰው ሌላው ተቀብሮ ያገኘዋል።

የእውቀቱን ወሰን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህ ወሬ በማን በኩል ደረሰው? ምግብ አብሳዩ በወጥ ቤቱ በር የሚያልፈውን አገልጋይና መንገደኛ ይሰማል፤ በሩቅ አገር ስለሚካሄድ የአማልክት ጦርነት ግን የሚያውቀው ተጣሞ የደረሰውን ብቻ ነው። እርስዎ የጌሙን ታሪክ እስከ መጨረሻው ማወቅዎ ለእርሱ አይተላለፍም። እንዲያውም ወሬውን በስሕተት እንዲናገር ማድረግ ከማንኛውም ጀግንነት ይልቅ ትዕይንትን ያንቀሳቅሳል፣ ምክንያቱም ሌላው ተጫዋች ለማረም፣ ለመሳቅ ወይም ለመደንገጥ ዕድል ያገኛል።

ሥራውን ለማወቅ ደግሞ ከስልኩ ቀና ማለት ያስፈልጋል። በሠርግ ሰሞን ደሴ ውስጥ ድንኳን በተጣለበት ግቢ የድግስ ወጥ የሚሠሩትን እናቶች አንድ ከሰዓት ቢመለከቱ አብሳይ የሚፈራው ምን እንደሆነ ይገባዎታል፦ ሽንኩርቱ ዘግይቶ መድረሱ፣ ማገዶው ማነሱ፣ ከሁሉም በላይ እንግዳው ከሰዓቱ ቀድሞ መግባቱ ነው። ኮምቦልቻ ያለ ሰው በፋብሪካ ወይም በኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ሠራተኛ በፈረቃ ሲገባና ሲወጣ ቢያይ ለዘበኛ ገጸ ባሕርይ የሚሆን ብዙ ነገር ይይዛል፤ ማንን መታወቂያ ጠይቆ ማንን በእጅ ምልክት ብቻ እንደሚያሳልፍ፣ ከባድ መኪና ሲመጣ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ። ከዚህ የሚወሰደው ጠባዩ እንጂ አካባቢው አይደለም። ቦርከናን በላምብሪጅ በኩል ማፍሰስ ወይም አብሳዩን በየዐረፍተ ነገሩ «አብሽር» ማሰኘት አንድ ምሽት ያስቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ግንቡ ውስጥ እንዳለ አይሰማውም።

በተለይ መሐላ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። እኛ ዘንድ «ወላሂ» እና «በእመቤቴ» ሳናስበው ከአፋችን ስለሚወጡ ጣትም ሳያስበው ይጽፋቸዋል። ላምብሪጅ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግን የጌሙ አምላክ የሳራዶሚን ነው፣ ገንሺን ኢምፓክት በተባለው ጌም ያለችው የሞንድሽታት ከተማ ሰዎችም የሚጠሩት አምላካቸውን ባርባቶስን ነው፤ ገጸ ባሕርዩም የሚምለው በእነርሱ ይሆናል። የአክብሮት አጠራርም ከመጀመሪያው መልእክት በፊት መወሰን አለበት፦ አብሳዩ መስፍኑን «እርስዎ» እንደሚል ግልጽ ነው፤ ትጥቅ የለበሰውን ወጣት መንገደኛ ግን «አንተ» ይለዋል ወይስ ሰይፉን አይቶ «እርስዎ» ይለዋል? ይህ ውሳኔ የሰውየውን ፍርሃትና ኩራት ከረጅም ገለጻ የበለጠ ያሳያል።

ወደ መጻፉ ሲመጡ የሚከተለውን ዓይነት መልእክት ይራቁ፦ «አብሳዩ የእንግዳውን ክፉ ሐሳብ ወዲያው ተረዳ፤ በቢላዋው መታው፤ እንግዳውም ወደቀ።» እዚህ ላይ ተጫዋቹ የሌላውን ልብ አንብቧል፣ የሌላውን ውድቀት ራሱ ወስኗል፣ አብሳዩንም ካለ ሥራው አሰማርቶታል። በዚህ ፈንታ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «አብሳዩ ዱቄት ያልነካውን እጁን በጨርቅ ጠራረገና ወደ በሩ ዞረ። ‹ጌታው፣ በሳራዶሚን ይዤዎታለሁ፣ ሲመጡ ዶሮ ያለው ገበሬ አላዩም? ልደቱ ዛሬ ነው፣ እኔ ደግሞ አንድ እንቁላል የለኝም።› ባዶውን ቅርጫት ዘረጋለት።» ሁለተኛው መልእክት በተዘረጋ ቅርጫት ስለሚያበቃ እንግዳው መቀበል፣ መሳቅ ወይም ዋጋ መጠየቅ ይችላል። የንዑስ ገጸ ባሕርይ ተጫዋች ዋና ግዴታ ይህ ነው፤ እያንዳንዱን ተራ ሌላው ሊይዘው በሚችል ነገር መጨረስ። አስተናጋጅ፣ ዘበኛና ነጋዴ ጥሩ ሆነው ሲጫወቱ የጀግኖቹም ጨዋታ ያምራል፣ ግሩፑም ማን እንዳሳመረው ያውቃል።

ስለ አሠራሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለጨዋታው አንድ ቶፒክ (በግሩፑ ውስጥ የተለየ የውይይት ክፍል)፣ ለተራ ወሬ ሌላ ቶፒክ ይከፈት፤ በጨዋታው መካከል ከገጸ ባሕርይ ውጭ የሚነገር ነገር በድርብ ቅንፍ ውስጥ ይግባ። መብራት ስለሚሄድና ዳታ ስለሚያልቅ አንድ ሰው ተራውን የሚጠበቅበት ጊዜ አስቀድሞ ይወሰን፣ ካለፈም ጨዋታው ይቀጥል። የጠፋው ሰው ገጸ ባሕርይ በሥራው አሳብቦ ገለል ይላል፤ ለምሳሌ የላምብሪጁ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ወደ ምድር ቤት የሚያወርድ መክፈቻ ስላለው አብሳዩ ዕቃ ሊያወጣ ወርዷል ማለት ይበቃል። በረመዳን ትዕይንቶችን ከተራዊሕ በኋላ፣ በሁዳዴም ለቅዳሴ በማይጋጭ ሰዓት ማድረግ በእኛ ከተማ ያለ ክርክር የሚያስማማ ነው።

አንድን ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው ሲፈልገው ቀድሞ የጠየቀው ይያዝ፣ ሌላው ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ይውሰድ። ከዚህ ችግር የሚያመልጥ ምርጫም አለ፦ በገንሺን ኢምፓክት የጀብደኞች ማኅበር እንግዳ ተቀባይ የሆነችው ካትሪን በየአገሩ ከተማ በአንድ መልክ ቆማ ስለምትገኝ ሦስት ተጫዋች ሦስት ካትሪን ሊይዝና በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ራሱን ጨዋታ ሊያደርገው ይችላል። በዚያው ጌም በሞንድሽታት ድልድይ ላይ እርግብ የሚመግበውን ቲሚን የመሰለ ሕፃን የሚይዝ ሰው ግን ሕፃኑን በሕፃን ጉዳይ ብቻ ያጫውተው፤ የፍቅር ትዕይንት ለእንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በማንኛውም ሁኔታ አይፈቀድም፣ አድሚኑም ይህን ያለ ድርድር ማስከበር አለበት።

ከጨዋታው መውጣት ሲፈልጉ ገጸ ባሕርይዎን አይግደሉት፤ በካኖኑ በሕይወት ያለ ሰው ስለሆነ ሌላ ሊረከበው ይችላል። የሦስት ዓምዱን ደብተር ፎቶ አንሥተው ለተረካቢው ይላኩለት፤ የመጀመሪያውን ዓምድ እንዳለ ይቀበላል፣ ሁለተኛውን ከግሩፑ ጋር ይነጋገርበታል፣ ሦስተኛውን እንደወደደ ይለውጠዋል።