ኮላጅን የሚፈጨው የባክቴሪያ ኢንዛይም፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ሃትዌያ ሂስቶሊቲካ፣ በድሮ ስሙ ክሎስትሪዲየም ሂስቶሊቲኩም፣ ቁስል ውስጥ ከገባ ሥጋ የሚያሟሟ ባክቴሪያ ነው። ቆዳና ጅማትን አጠንክሮ የያዘውን ኮላጅን የሚፈጭለት ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይሙ ነው። ስለዚህ ኢንዛይም ሲጻፍም ሆነ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠራበት የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

«ፕሮቲን የሚቆርጥ ሁሉ ኮላጅን ይቆርጣል።» አይቆርጥም። ኮላጅን እርስ በርስ የተገመዱ ሦስት ሰንሰለቶች ናቸው። ግምዱ እስካልተፈታ ድረስ ትራይፕሲን የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ብዙም አይነካውም። ስለዚህ አንድን ኢንዛይም በጄላቲን ብቻ ሞክሮ «ኮላጅኔዝ ነው» ማለት አያስኬድም። ጄላቲን እኮ ግምዱ በሙቀት የተፈታ ኮላጅን ነው።

ሥራውን ሁሉ ኢንዛይሙ ውስጥ ላለው ዚንክ መስጠት። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። መቁረጡን በተመለከተስ እውነት ነው፦ ሂስቲዲንና ግሉታሜት የተባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች)፣ ሁለት ሂስቲዲንና አንድ ግሉታሜት፣ ዚንኩን ይይዙታል፤ ሌላ ግሉታሜት ደግሞ አጠገቡ ያለውን ውሃ ያነቃና ኮላጅኑ ላይ ግላይሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ በፊት ያለው ትስስር ይበጠሳል። ይህን ግን ሌሎች ብዙ ኢንዛይሞችም ያደርጉታል። የዚህኛው ብልሃት ቅርጹ ላይ ነው። የሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ኮል ጂ የተባለውን ኮላጅኔዝ መዋቅር ይፋ ሲያደርጉ ኮርቻ መሰል ነገር ሆኖ ተገኘ። በአንድ ወገን ቆራጩ ክፍል፣ በሌላው ወገን አጋዡ ክፍል አለ። ባቀረቡት ሞዴል መሠረት ኮላጅኑ መሃል ይገባል፣ ሁለቱ ወገኖች ይገጥሙበታል፣ ግምዱ ይላላል፣ ከዚያ ሰንሰለቶቹ ተራ በተራ ይቆረጣሉ። ቆራጩን ክፍል ነጥላችሁ ብታወጡት አጫጭር ፔፕታይዶችን (የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶችን) ይቆርጣል፤ ግምዱን ግን አይችለውም።

የኢንዛይሙ ጭራ ላይ ያሉት ክፍሎችም ቆራጭ አይደሉም። ሥራቸው ኢንዛይሙን ኮላጅኑ ላይ አጣብቆ መያዝ ነው።

ከእኛው ኮላጅኔዝ ጋር ማምታታትም አለ። የሰው ኮላጅኔዝ ግምዱን አንድ ቦታ ላይ ቆርጦ ሦስት አራተኛና አንድ አራተኛ ያደርገዋል። የባክቴሪያው ብዙ ቦታ ላይ ይቆርጥና ትናንሽ ቁርጥራጭ ያደርገዋል።

ለላብራቶሪ የሚሸጠው ኮላጅኔዝ ጠርሙሱ ላይ «ዓይነት 4» ስለተባለ የኮላጅን ዓይነት 4ን ለይቶ ይቆርጣል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሻጮች የቅይጥ መለያ ነው፤ ውስጡ ሌሎች ፕሮቲን ቆራጮችም ተቀላቅለው ይገኛሉ።

ላብራቶሪ ውስጥ ደግሞ ኮላጅኔዙን ኢዲቲኤ (ማዕድናትን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ካለበት ትራይፕሲን ጋር አንድ ላይ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው። ኢንዛይሙ ካልሲየምም ዚንክም ይፈልጋል፤ ኢዲቲኤ ሁለቱንም ይነጥቀዋል። ከዚያ ሻጩ ይወቀሳል! መጀመሪያ ኮላጅኔዙን ካልሲየም ባለው ፈሳሽ ተጠቀሙ፣ እጠቡ፣ ትራይፕሲኑ ከዚያ ይምጣ።

የሞተ ሥጋ ለማንሳት ቁስል ላይ የሚቀባው የኮላጅኔዝ ቅባትም ብር ያለበት መድኃኒት ወይም አንዳንድ የጽዳት ፈሳሽ ሲነካው ይዳከማል። ቁስሉ ላይ የነበረው በጨው ውሃ በደንብ ከታጠበ በኋላ ነው ቅባቱ የሚደረገው።