የሊኑክስ ዌብ ሰርቨርን በዌብሚን ማስተዳደር

ዌብሚን ጄሚ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው፣ በፐርል የተጻፈ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ የሊኑክስ ሰርቨርን ከብራውዘር ሆኖ ለማስተዳደር ያስችላል። የራሱን አነስተኛ ዌብ ሰርቨር ይዞ በፖርት (በኔትወርክ መግቢያ ቁጥር) 10000 ላይ ስለሚሠራ፣ ድረ ገጾቹን የሚያቀርበው ዌብ ሰርቨር አፓቼ ቢቆም እንኳ ዌብሚን አብሮት አይቆምም፤ የቆመውንም አፓቼ መልሶ ለማስነሣት ያገለግላል። ለውጦችን የሚጽፈው በራሱ በአፓቼ የቅንብር ፋይሎች ላይ በመሆኑ፣ ዛሬ በብራውዘር የሠሩትን ነገ በተርሚናል ቢቀጥሉ ችግር አይፈጠርም።

ይሁን እንጂ ዌብሚን የሚሠራው በሩት (በሰርቨሩ ሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ስለሆነ፣ የይለፍ ቃልዎን ያገኘ ሰው ድረ ገጹን ብቻ ሳይሆን መላውን ሰርቨር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በፕሮግራሙ ውስጥ በድብቅ የገባ ጎጂ ኮድ ይፋዊ በሆኑ እትሞች ላይ መገኘቱ ታውቆ በእትም 1.930 ተወግዷል። የይለፍ ቃል ማጠንከር ብቻውን እንዲህ ያለውን አደጋ አይከላከልም፤ ፖርቱ ከውጭ እንዳይደረስበት ማድረግ ግን አጥቂውን ገና ከመነሻው ያግደዋል። ስለዚህ ሥራውን የምጀምረው የትኛው ፖርት ከውጭ እንደሚደረስበት ከሚወስነው ማጣሪያ፣ ከፋየርዎሉ ነው።

ፋየርዎሉን ከማብራትዎ በፊት ከሩቅ ሆነው በተመሰጠረ መስመር ወደ ሰርቨሩ ለሚገቡበት ለኤስኤስኤች የሚያገለግለውን ፖርት 22 ይፍቀዱ፤ ይህን ከዘነጉ ራስዎን ከሰርቨሩ ውጭ ይዘጋሉ። ቀጥሎም ለድረ ገጾቹ ፖርት 80 እና 443ን ፈቅደው፣ 10000ን ዝግ እንደሆነ ይተዉት። ዌብሚንን ከአዘጋጆቹ የሶፍትዌር ማከማቻ ከጫኑት፣ ማሻሻያዎቹ ከሌሎች የኡቡንቱ ወይም የዴቢያን ጥቅሎች ጋር አብረው ይመጣሉ።

ፖርቱ ከውጭ ዝግ ስለሆነ መግቢያዎ የኤስኤስኤች ዋሻ፣ ማለትም ሌላ ግንኙነት በኤስኤስኤች ውስጥ የሚያልፍበት መስመር ይሆናል። በኮምፒውተርዎ ላይ ያለውን ፖርት 10000 በሰርቨሩ ላይ ወዳለው 127.0.0.1 (ማንኛውም ኮምፒውተር ራሱን የሚጠራበት አድራሻ) ፖርት 10000 እንዲያስተላልፍ አድርገው ኤስኤስኤችን ይክፈቱ፤ ከዚያም በብራውዘርዎ የራስዎን ኮምፒውተር አድራሻ (እዚህም 127.0.0.1) በኤችቲቲፒኤስ፣ በፖርት 10000 ይክፈቱ። ሰርተፍኬቱን ሰርቨሩ ለራሱ የፈረመው በመሆኑ ብራውዘሩ ያስጠነቅቅዎታል፤ ግንኙነቱ በዋሻው ውስጥ ስለሚያልፍ በዚህ ሁኔታ መቀጠል ይችላሉ። ሁሉንም ትእዛዝ በሱዶ፣ ማለትም የሩትን ሥልጣን በመዋስ፣ ማስኬድ የሚችል ተጠቃሚ ካለዎት በእርሱ ስም ይግቡ። ከገቡ በኋላ በዌብሚን ኮንፊገሬሽን ሥር ፖርትስ ኤንድ አድሬስስ የሚለውን ከፍተው፣ ዌብሚን በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ያድርጉ፤ ፋየርዎሉ አንድ ቀን በስሕተት ቢከፈት ይህ ሁለተኛ አጥር ይሆንልዎታል።

አፓቼን የሚያገኙት ሰርቨርስ በሚለው ክፍል ነው። አፓቼን የጫኑት ከዌብሚን በኋላ ከሆነ ሪፍሬሽ ሞጁልስ (የዌብሚን ክፍሎች የሆኑትን ሞጁሎች ማደሻ) የሚለውን ሳይጫኑ በዝርዝሩ ላይ አይታይም። አዲስ ድረ ገጽ ለመጨመር ክሪኤት ቨርቹዋል ሆስት በሚለው ገጽ ላይ የድረ ገጹን ስም፣ ፖርቱንና ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ማውጫ ይሙሉ፤ አፓቼ የሚሠራበት ተጠቃሚም ማውጫውን ማንበብ መቻሉን ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ለውጡን ማስቀመጥና ሥራ ላይ ማዋል የተለያዩ ናቸው፤ የተቀመጠው ለውጥ በፋይሉ ላይ ይጻፋል እንጂ አፕላይ ቼንጅስ እስኪጫኑ ድረስ በሥራ ላይ ያለው አፓቼ በቀድሞው ቅንብር ይቀጥላል። ስሕተት ያለበትን ለውጥ አስቀምጠው ሥራ ላይ ሳያውሉ ከወጡ፣ ድረ ገጾቹ ለሳምንታት ያለ እንከን ሊታዩ ይችላሉ፤ ሰርቨሩ ዳግም በተነሣ ጊዜ ግን አፓቼ እንቢ ይላል፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ ምን እንደቀየሩ አያስታውሱም። ስለዚህ በአፓቼ ሞጁል ቅንብር ውስጥ ለውጦች ሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት ፋይሉ እንዲፈተሽ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ፤ ያስቀመጡትንም ለውጥ ሥራ ላይ ሳያውሉት ገጹን አይዝጉ።

ለባልደረባ መግቢያ መስጠት ሲያስፈልግ የራስዎን የይለፍ ቃል አያጋሩ። ለእርሱ የተለየ የዌብሚን ተጠቃሚ ፈጥረው የአፓቼን ሞጁል ብቻ ይፍቀዱለት፤ በሞጁሉም ውስጥ እርሱን የሚመለከቱትን ድረ ገጾች ብቻ ይምረጡለት፤ የቅንብር ፋይሎችን እንዳሻው መጻፍ የሚችል ሰው የሩት ሥልጣን ከያዘ ሰው ብዙም አይለይምና። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ለማየት የዌብሚን አክሽንስ ሎግ የሚባለውን መዝገብ ይክፈቱ።