ስማችሁ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት ነው?

ጥናት የምታሳትሙ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ። ኃይለማርያም የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ጆርናል ላይ ተጣብቆ፣ ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል፤ የአባት ስም ደግሞ እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠርና ጎግል ስኮላር (የጎግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ) የማታውቁትን ሞክሼ ጽሑፍ እናንተ ላይ ይለጥፋል። የኔ ገጽ ላይ አንዴ የከብት በሽታ ጥናት አገኘሁ፣ እኔ የታሪክ ሰው ነኝ! የስኮላር ገጻችሁ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና ጽሑፍ በራሱ እንዳይጨምር፣ መጀመሪያ በኢሜይል እንዲጠይቃችሁ አድርጉት። ኦርኪድም (ORCID፣ የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር) አውጡ። ነጻ ነው፣ ባለ 16 አሃዝ መለያ ይሰጣችኋል፣ ስማችሁ የተጻፈባቸውን ሌሎች መልኮችም እዚያው ማስገባት ይቻላል። ኢሜይል ስትሞሉ ግን የመሥሪያ ቤቱን ብቻ እንዳትሰጡ፣ የግላችሁንም ጨምሩ፤ ሥራ ስትቀይሩ የድሮው ይዘጋና የይለፍ ቃል ማደሻው መግባት የማትችሉበት ሳጥን ውስጥ ይቀራል።