በቤት የተሠራች አውሮፕላን የፊት ጎማ፦ አያያዙና ማሻሻያው

ድሬዳዋ ሳቢያን፣ አንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ሰው የምትይዝ የአሉሚኒየም አውሮፕላን ቆማለች። ክፍሎቿ በሳጥን ተጭነው ከውጭ መጡ፤ እርሱ ደግሞ በትርፍ ጊዜው ገጣጠማት። እስካሁን አልበረረችም፤ የፈቃዱ ጉዳይ ገና ነው። ሊያያት የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሞተሯን ያደንቅና ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ የፊት እግሯን ያያል። "አቦ፣ ይቺ እግር ቀጥናለች! ወፍራም ቧንቧ እንበይድባት" አለን አንድ የሰፈር በያጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ። ባጃጅ ብትሆን ኖሮ ምክሩን እንቀበለው ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ይህን እናጥራው። ሦስት ጎማ ባላት ትንሽ አውሮፕላን ክብደቱን የሚሸከሙትና የማረፍን ምት የሚቀበሉት ከክንፍ ሥር ያሉት ሁለቱ ዋና ጎማዎች ናቸው። ቆማ ሳለች የፊተኛው ጎማ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው። 700 ኪሎ የምትመዝን ከሆነ ከ70 እስከ 105 ኪሎ፣ ማለትም የአንድ ሰው ክብደት ያህል። እግሩ ደግሞ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች የተሰካው በሞተሩ መያዣ ላይ ነው። ስለዚህ እግሩን ባደነደናችሁት መጠን፣ ተለጥጦ ወይም ታጥፎ ምቱን ማብረድ የነበረበት ብረት ሁሉንም ወደ ሞተር መያዣው ያሳልፈዋል። የጎበጠ እግር ይለወጣል፤ የጎበጠ የሞተር መያዣ ግን ሞተር ያስወርዳል። መሻሻል ያለበት እንግዲህ ውፍረቱ ሳይሆን የጎማው አሽከረካከር፣ ጎማውን ከሁለት ጎን የያዘው የሹካው አዟዟርና ከመሬት ያለው ከፍታ ነው።

እዚህ የምናወራው እንደ ሆስፒታል አልጋ ጎማ በራሱ ወደ ግራና ቀኝ ስለሚዞረው፣ አብራሪው በዋናዎቹ ጎማዎች ፍሬን ስለሚመራው ዓይነት ነው። በፔዳል የሚጠመዘዝ የፊት ጎማ ያላችሁም ስለ ኩሽኔታው፣ ስለ ጎማውና ስለ እግሩ የተባለው ይመለከታችኋል።

አፍንጫዋን ማንሳት

የፊት ጎማ ያለው ከፕሮፔለሩ በስተኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው። ማግኔቶ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል ነው፤ ማጥፊያ ሽቦው ከተበጠሰ ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን ፕሮፔለሩን እጅ ሲያዞረው ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ፣ ፕሮፔለሩን ግን ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ጠመንጃ ቁጠሩት።

ዋናዎቹን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በእንጨት አስደግፉ። አፍንጫዋን ለማንሳት ከሞተሩ ሥር ክሪክ ማስገባት አያስፈልግም። ጭራዋ ላይ፣ ለማሰሪያ ተብሎ ከተሠራው ቀለበት፣ የአሸዋ ጆንያ አንጠልጥሉ። እኛ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በሁለት ማዳበሪያ ሞልተን አሰርንበት፤ አፍንጫዋ ቀስ ብላ ተነሳች። ከዚያ ጭራዋ ሥር ድጋፍ አኑሩ። የጭራውን ክንፍ ራሱን በእጅ ተጭኖ አፍንጫ ማንሳት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ስሱን ላሜራ ስለሚያጎብጠው እኔ አልወደውም።

ጎማው

የጎማውን ነፋስ የምትለኩት በጠዋት፣ ፀሐይ ሳያገኘው ነው። ሙቀቱ በ3 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያለው ግፊት 1 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በድሬ ቀን 9 ሰዓት ላይ የተለካ ጎማ ሞልቶ ይታይና በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት የውስጥ ላስቲኩን አፍ ጎትቶ ይቆርጠዋል። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ከጎማው ወደ ቸርኬው የሚያልፍ አጭር መስመር በቀይ የጥፍር ቀለም አስምሩ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ካያችሁት ጎማው ተንሸራትቷል ማለት ነው።

ኩሽኔታው

ጎማውን አውጡና ኩሽኔታዎቹን በነጭ ጋዝ እጠቡ። ሾጣጣ ሮለሮች ያሉት ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱን ሮለር በጣታችሁ እያዞራችሁ ተመልከቱ። ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ግሏል፤ እንደ ፈንጣጣ የተቦረቦረ ወይም የተላጠ ቦታ ካለው አልቋል። ኩሽኔታው ሲለወጥ ቸርኬው ውስጥ የተሰካው ቀለበትም አብሮ ይለወጣል። ሲያደርቁት በኮምፕሬሰር ነፋስ ማሽከርከር የልጅ ጨዋታ ነው፤ ዘይት የሌለው ኩሽኔታ በዚያ ፍጥነት ሊበተንና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ በአየር ይድረቅ።

ግራሶ ስትሞሉ መዳፋችሁ ላይ አንድ እፍኝ አድርጉና የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ እየጫናችሁ ፋቁበት። ግራሶው በሮለሮቹ መካከል አልፎ በወዲያኛው በኩል እንደ ትናንሽ ትል ብቅ ብቅ እስኪል ድረስ ቀጥሉ። ከላይ ብቻ መቀባት ሮለሩን አያገኘውም። ደግሞም ግራሶ አትደባልቁ። ለአውሮፕላን ጎማ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ግራሶዎች የሚረጉት በሸክላ መሰል ውሁድ ነው፤ የመኪናው ግን አብዛኛው በሊቲየም ሳሙና ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይቀጥኑና በሙቀት ይፈስሳሉ፤ ደረቅ ኩሽኔታ ይተርፋችኋል። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ሳይታጠብ አዲሱ አይገባም።

ዳዶውን ስትመልሱ ጎማውን በአንድ እጅ እያሽከረከራችሁ በሌላው አጥብቁ። ጎማው መክበድ ሲጀምር ቁሙና የመቆለፊያው ቀዳዳ እስኪገጥም ጥቂት ወደ ኋላ መልሱት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት መላላት የለበትም፤ ስታሽከረክሩት ደግሞ ሳይንገዳገድ ጥቂት ዞሮ ይቁም። የመቆለፊያ ፒኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር ያለው እዚህ ጋ ነው። በአንዳንድ አውሮፕላኖች ሹካውን ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈው ረጅም ብሎን ሲጠብቅ የሹካውን ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ይጨምቃል፤ ጭምቁ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ነው። አጥብቃችሁ ብታስሩት ጎማው ይያዛል፤ አላልታችሁ ብትተዉት ብሎኑ ራሱ ይዞራል። የተያዘ ጎማ መሬት ሲነካ ከመሽከርከር ይልቅ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ እግሩንም ይዞ ወደ ሆድ ሥር ያጥፈዋል። መፍትሔው በሁለቱ ኩሽኔታዎች ውስጠኛ ቀለበቶች መካከል የሚገባ ማራራቂያ የብረት ቧንቧ ነው። ያኔ ብሎኑ የሚጨምቀው ቀለበት፣ ቧንቧና ቀለበት እንደ አንድ አካል ስለሚሆን ሮለሮቹ ነፃ ናቸው፤ ዳዶውም እስከ ልኩ ይጠብቃል።

ለእኛ ያንን ቧንቧ የቆረጡልን ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው። ከሚያስፈልገው አንድ ሚሊሜትር አስረዝመው ጀመሩ። "ጋሼ፣ ለምን አንዴ በልኩ አይቆርጡትም?" ብላቸው "ይቆረጣል እንጂ አይቀጠልም" አሉኝ። እየሞከርን፣ እያወጣን፣ በመቶኛ ሚሊሜትር እየላጩ፣ አራት ጊዜ ተመላልሰን አምስተኛው ላይ ጎማው በሙሉ ጥብቀት ሳይከብድና ሳይላላ ዞረ። ቧንቧው ካጠረ ኩሽኔታው ይያዛል፤ ከረዘመ ጎማው ይወዛወዛል።

የሹካው አዟዟር

ሹካው በእግሩ ጫፍ ላይ የሚዞርበት ቦታ እንደ ሰሃን የጎደጎዱ ሮንዴላዎች ተደርድረውበት ከታች በትልቅ ዳዶ ይጨመቃሉ። የሮንዴላዎቹ ፍትጊያ ሥራው ጎማው እንዳይንቀጠቀጥ መያዝ ነው። ፍትጊያው ካነሰ፣ በሆነ ፍጥነት ላይ ጎማው ግራ ቀኝ መወራጨት ይጀምራል፤ የመሣሪያ ሰሌዳውን መስታወት ሁሉ የሚያንቀጠቅጥ ነው። ከበዛ ደግሞ መዞር ያቅተውና ጎማው በጎኑ እየተፋቀ ይጎተታል።

የሚለካው በመንጠቆ ሚዛን ነው። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚመዘንበት ዓይነት ይበቃል፤ እምነት ካጣችሁበት 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ሰቅላችሁ ፈትኑት፤ 10 ኪሎና የጀሪካኑን ክብደት ማሳየት አለበት። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ መንጠቆውን አክስሉ ላይ አድርጉና ወደ ጎን፣ ከሹካው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሹካው ንቅል ሲል የምታነቡት ቁጥር ነው የሚፈለገው። በዚህ ዓይነት እግር በሚታወቁት፣ የአሜሪካው ተገጣጣሚ አውሮፕላን አምራች በሆነው የቫንስ አውሮፕላኖች የተለመደው 22 ፓውንድ፣ በኪሎ 10 ገደማ ነው። የእናንተ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ የእርሱን ያዙ። ሮንዴላዎቹ አዲስ ሲሆኑ ይረጋጋሉና ይላላሉ፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደጋግማችሁ ለኩ። መጎተቻ ዘንግ ስትጠቀሙ ሹካውን ከማቆሚያው አሳልፋችሁ አትጠምዝዙ፤ ማቆሚያው የሚሰበረው በአብዛኛው በሰው እጅ ነው።

እግሩ

ሽፋኑን አውርዳችሁ ከላይ እስከ ታች ጥረጉት። በተለይ እግሩ ወደ መያዣው የሚገባበትን ቦታ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹንና ጥርስ የወጣበትን ጫፍ በማጉያ መነጽር እዩ። ያጠራጠራችሁን ቦታ ቀለም አንስታችሁ ስንጥቅ በሚያሳይ ቀይ ፈሳሽ ቀቡ፣ ጠብቁ፣ ጥረጉ፣ አብሮት የሚሠራውን ነጩን ማሳያ ርጩበት። ስንጥቅ ካለ ቀዩ እንደ ክር ወጥቶ ይታያል። ስንጨርስ እኛ እግሩን ነጭ ቀባነው፤ በነጭ ላይ ስንጥቅም ዝገትም አይደበቅም።

አሁን ወደ በያጃችን እንመለስ። ይህ እግር በሙቀት ተነክሮ የጠነከረ የሞላ ዓይነት ብረት ነው። ብየዳ በነካው ቦታ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ አጠገቡም ይሰባበራል። አይበየድም፣ አይበሳም፣ በግራይንደር አይነካም። የጎበጠውንም በእሳት አግሎ ማቅናት ዋጋ የለውም። ከሳምንት በኋላ ያው በያጅ ሲመጣ የእግሩን ጫፍ በቀጭን ፋይል ሞክሮ፣ ፋይሉ ሲከብድበት፣ ራሱ ሳቀ።

ከፍታና ሽፋን

ለመግዛት የሚያበቃ ማሻሻያ ካለ ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚጨምረው ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ነፋሱ ሲያንስ፣ የእግሩ ጫፍና ዳዶው መሬት ከነኩ እንደ ማረሻ ይሰካሉ፤ አውሮፕላኗም ትገለበጣለች። ቫንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ ሲባል ሹካውን ለውጦ ከፍታውን በአንድ ኢንች ገደማ አሳድጓል። ያንን ዓይነት የቀድሞ ሹካ ያላችሁ ለውጡን አድርጉ። እንዲህ ያለ ለውጥ በአምራቹ ሥዕል ይሠራል፣ በመዝገብ ይጻፋል፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድም ሳይያዝ ከመሬት አይነሳም።

የጎማ ሽፋኑን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ በጠጠርና በሣር ሜዳ ላይ አውልቁት።

ስለ ድሬ ሙቀት

የከተማችን አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በመደበኛ ሁኔታ 2,150 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው አየር ይሳሳል። አብራሪው በመሣሪያው ላይ የሚያየው የማረፊያ ፍጥነት ያው ቢሆንም መሬት ላይ የሚሮጠው 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው፤ ጎማው የሚያጋጥመው ጉልበት ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ዋናዎቹ ጎማዎች ከነኩ በኋላም መሪውን ወደ ኋላ ስቦ የፊቱን ጎማ በአየር ማቆየት፣ ሲቀመጥም በቀስታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመሬት ስትሄዱም መሪው ወደ ኋላ እንደተሳበ ይቆይ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የአሸዋውን ጆንያ ፈትታችሁ አፍንጫዋን አውርዱ፤ በእጅ እየገፋችሁ ግቢው ውስጥ ወደ ፊት አንድ ሃያ ሜትር ውሰዷት። አቧራው ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ እዩ፤ አንድ ወገኑ ብቻ የጠለቀ ከሆነ ሹካው ወይም አክስሉ ተዛንፏልና እንደገና ፍቱት። ባለፈው ቅዳሜ የእኛ ዱካ እኩል ነበር። ሚዛኑን የያዘልን በያጁ ነው፤ መዝገቡ ላይ 10 ኪሎ ብለን ጻፍን፣ ከሥሩም ቀኑንና የጎማውን ነፋስ።