ለለቃሚና ለጥራት ተቆጣጣሪ የዓይን መስፈርት እንዴት ይወጣል?

ባሕር ዳር ጨርቅ የምትፈትሽም ሆነች ቡሬ ቦሎቄ የምትለቅም ሠራተኛ፣ ሥራዋን የምትሠራው በዓይኗ ነው። የዓይን ምርመራ ሲባል ግን ቶሎ የሚታሰበን በ6 ሜትር ርቀት የተሰቀለ ሰሌዳ ነው፤ እሷ የምታየው ደግሞ ክንድ በማይሞላ ርቀት ነው። ስለዚህ መስፈርቱን ከእንከኑ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሊታለፍ የማይገባውን ትንሹን እንከን፣ የተበጠሰ ድርም ይሁን የነቀዝ ቀዳዳ፣ በሚሊ ሜትር ለኩ። ሠራተኛዋ ሥራ ላይ እንዳለች ከዓይኗ እስከ ዕቃው ያለውንም ርቀት ለኩ።

ከዚያ አስሉ። 6/6 የሚያይ ዓይን (ጤናማ የሚባለው ዕይታ) በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ይለያል፤ 6/12 የሚያይ (ጤናማ ዓይን ከ12 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር የሚለይ) 0.23 ያህል። ማንም ቀኑን ሙሉ በዓይኑ አቅም ጫፍ ሊሠራ ስለማይችል፣ ቢያንስ እጥፍ ትርፍ ስጡ እላለሁ። እንከኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ በዚያ ርቀት 6/12 ይበቃል፤ «6/6 ካላየች አትቀጠርም» ማለት ያለ ምክንያት እንጀራ መንሳት ነው። ሩብ ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 6/6 ጠይቁ። ለብየዳና ለመሰል ፍተሻ አይኤስኦ 9712 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የራሱ ልክ አለው፦ ቢያንስ በአንድ ዓይን፣ በመነጽርም ቢሆን፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር በማያንስ ርቀት ታይምስ ሮማን በተባለው የላቲን ፊደል ቅርጽ በ4.5 ነጥብ መጠን የታተመ ጽሑፍ ማንበብ።

ምርመራው በሥራው ርቀት፣ መነጽር ያላት መነጽሯን አድርጋ ይሁን። ፊደል ላልቆጠረች፣ የላቲኑ «E» ወደተለያየ አቅጣጫ ዞሮ የተሣለበትና አቅጣጫውን በእጅ የሚያሳዩበት ሰሌዳ አለ። ዓይንን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን መብራቱን ለኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ካነሰ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

የቀለም ምርመራ ቀለም ለሚለይ ሥራ ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩትን የኢሺሃራ መጽሐፍ ያወጣል፤ የማቅለሚያ ልዩነት ለሚያዩት ደግሞ የራሳችሁን ናሙና ጨምሩ።

ምርመራውን በየዓመቱ ድገሙ። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የቅርብ ዕይታ ይደክማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያ መነጽር ይመልሰዋል። ትራኮማ በበዛበት አገራችን ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ የዞረባትን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ዓይን ሐኪም ላኩ። የምርመራውን ወጪ ድርጅቱ ይቻል። መስፈርቱን ያላለፈች መነጽር አግኝታ ዳግም ትመርመር፤ ያም ካልሆነ ዓይን የማያደክም ሥራ ይፈለግላት።

ከማጽደቃችሁ በፊት እንከናቸውን የምታውቋቸውን ናሙናዎች ከደህናው ቀላቅላችሁ ነባር ሠራተኞችን አስፈትሹ። መስፈርቱን ያለፉት እንከኑን ካሳለፉ፣ ርቀቱንና ብርሃኑን እንደገና ለኩ።